ቤቱ ባለበት፣ ስሙ ይዞራል

ባልና ሚስት ተፋትተው ፍርድ ቤት ቤቱን ለአንዳቸው ካደረገ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ «የባለቤትነት መብቱ ተላለፈልኝ» የሚል ሰው አይገኝም። «ስሙ ዞረልኝ» ነው የሚባለው። ስሙን የሚያዞረው መሥሪያ ቤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «ስመ ንብረት ዝውውር» ብሎ ግእዝ ጣል ያደርግበታል እንጂ ግሡ ያው ዞረ ነው።

ከዞረ ዙር፣ ዙሪያ፣ ዙረት፣ ዘወረ፣ ዝውውር ወጥተዋል። ዝውውር ዛሬ የማይገባበት ቦታ የለም፤ የመምህር ዝውውር አለ፣ የተጫዋች ዝውውር አለ፣ የደም ዝውውር አለ፣ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርም አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ይታያል። ቤት ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አማርኛ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ነው። የማይንቀሳቀሰው ተዛወረ ሲባል ማንም የማይስቀው፣ የሚዞረው ግድግዳው ሳይሆን መዝገብ ላይ ያለው ስም መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ሕጉም በአንቀጽ 1185 የሚለው ይህንኑ ነው፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ወይም በኑዛዜ ለሌላ እንዲተላለፍ ከተፈለገ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።

ተራዋ የደረሰ ሴት በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ መጀመሪያ የምትሰማው ጥያቄም የስም ነው። «እትዬ፣ ካርታው በማን ስም ነው ያለው?» «በእሱ።» ይህን ስትመልስ ድምፅዋ ዝቅ የሚል ብዙ ናት፤ «በእሱ ስም» ማለት «የእሱ» ማለት ይመስላታል። አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 63 የባልና ሚስት ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢገኝ እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይነሣል። ስሙ መዞሩ ለገዢ፣ ለባንክና ለውጭ ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ግን ስሙ ሳይዞርም ግማሹ የእሷ ነበር።

ካርታ ራሱ ብዙ የዞረ ቃል ነው። ወደ እኛ የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን እዚያ ተራ ወረቀት ማለት ነው። ጣሊያንኛ ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ «ኻርቴስ» ወረሰው፤ ከፓፒረስ ቄጠማ የሚሠራው የመጻፊያ ገጽ ነበር። ይኸው የግሪክ ቃል አስቀድሞ በሌላ በር ገብቶ ግእዝ ውስጥ «ክርታስ» ሆኖ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ዘመዳሞች አንድ አገር እየኖሩ አይተዋወቁም። አማርኛ ካርታን ለምድር ሥዕል፣ ለቁማርና ለቤት ማረጋገጫ እኩል ይጠቀምበታል። ቆየት ያሉ ሰዎች ደግሞ «የቤቱ ደብተር» ይላሉ። በአማራ ክልል ገጠር የመሬት ማረጋገጫው «አረንጓዴው ደብተር» ይባላል፣ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ያለበት። ደብተር በዐረብኛው «ደፍተር» በኩል ቢመጣም ሥሩ የግሪክ «ዲፍቴራ» ነው፣ ቆዳ ማለት። ከዚያው ቆዳ ግእዝ ድንኳን የሚልበትን «ደብተራ» አገኘ፤ በድንኳኑ የሚያገለግሉት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በዚያው ስም ተጠሩ። ባልና ሚስቱ መኪና ካላቸው የሚከተለው ሊብሬ ነው። የሊብሬ ዘር የላቲኑ «ሊበር» ነው፤ መጽሐፍ ማለት ከመሆኑ በፊት የዛፍ የውስጥ ልጥ ማለት ነበር። እንግዲህ በአንድ የፍቺ መዝገብ ውስጥ ቄጠማ፣ ቆዳና ልጥ ተደራርበዋል። ከላያቸው የሚለጠፈው ቴምብር ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ሲከተሉት የግሪክ ከበሮ ይሆናል።

ይህ የወረቀቱ ነገር ነው። ከወረቀቱ በፊት ያለው ግን የበለጠ ይስበኛል። የንብረት ክፍፍል ውሳኔ ሲያበቃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ የጋራ ሀብት መሆኑ የተረጋገጠውን ቤት በዓይነት መካፈል የማይቻል ከሆነ አንደኛው ወገን ለሌላው የድርሻውን ግምት ከፍሎ ቤቱን ያስቀር፤ በዚህ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን እኩል ይካፈሉ። ሕግ የሚያውቅ ሰው የቤተሰብ ሕጉን አንቀጽ 90፣ 91 እና 92 በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያነባል። ቃል የሚወድ ሰው ግን ሌላ ክርክር ይሰማበታል፤ ቃላቱ የሚናገሩትና ሕጉ የሚያዝዘው በአንዳንድ ቦታ ተቃራኒ ነው።

ፍቺን እናስቀድም። ግእዙ ፈትሐ ነው፤ ከፈተ፣ ፈታ፣ ፈረደ። ዐረብኛው «ፈተሐ» ዕብራይስጡም «ፓታሕ» ከፈተ ማለት ናቸው። አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች ሲጥል ፈትሐ ፈታ ሆነ፤ ከፈታ ፍቺ ወጣ። ሊቃውንቱና ነገሥታቱ ግን ግእዙን እንዳለ ይዘውት ስለቆዩ ያው ቃል ሳይሸራረፍ ፍትሕ ተብሎ ቀረ። ፍትሐ ነገሥት፣ ፍትሐ ብሔር፣ ፍትሕ ሚኒስቴር ያሉት ሁሉ የፍቺ ወንድሞች ናቸው። ለሞተ ሰው የሚጸለየው ፍትሐትም እንዲሁ። አንዲት ሴት «ፍትሕ አገኘሁ» ብላ የፍቺ ውሳኔዋን ይዛ ስትወጣ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ጠራች ማለት ነው። ሙግት ለድሮ ሰው ቋጠሮ ነበር፤ ዳኛው ይፈታዋል። ሕልምም ይፈታል፣ ቅኔም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል፣ ጾምም ይፈታል፤ ልጆቻችን ደግሞ «ፈታ በል» ይላሉ። የቃል ትርጉምንም ፍቺ እንለዋለን፤ የዚህ ጽሑፍ ሥራም በዚያ በኩል ፍቺ ነው።

ግሡ ግን አድልዎ አለበት። «ፈታት» ሲባል የሚፈታው እሱ፣ የምትፈታው እሷ ናት። «ፈታችው» ማለት ይቻላል፣ ይባላልም፤ ሆኖም «ፈት» የሚለው ስም የተለጠፈው በሴቷ ላይ ነው፤ ፈት ወንድ ሲባል ጆሮ ይከብደዋል። ሚዛኑን የሚመልሰው «ተፋቱ» ነው፤ እርስ በርስ ተፈታቱ። የ1992ቱ ሕግ ፍቺን በሁለቱ ስምምነት ወይም በአንዳቸው ወይም በሁለቱ ጥያቄ ፍርድ ቤት የሚወስነው ነገር አድርጎታል፤ በ1952ቱ ሕግ ጊዜ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎች ነበር። ሕዝቡ በበኩሉ «ሰማንያ ቀደዱ» ይላል። ሰማንያ የጋብቻ ውሉ ወረቀት ስለሆነ መቅደዱ ለሁለት ነው፣ ለእያንዳንዱም እጅ ላይ ግማሽ ይቀራል። ከፈታት ይልቅ ወደ አዲሱ ሕግ የሚቀርበው ይኼኛው ይመስለኛል።

አሁን ሀብት። ቃሉ ከግእዙ ወሀበ ነው፣ ሰጠ። ሀብት ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ወልድ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች የማርያምን ገንዘብ ሳይሆን የማርያምን ስጦታ ነው የሚናገሩት። የቃሉ አሠራርም ያምራል፦ በወ የሚጀምር ግሥ ስም ሲሆን ብዙ ጊዜ ወው ይወድቃል። ወለደ ልደት፣ ወረደ ርደት፣ ወሀበ ሀብት፣ ወረሰ ርስት። ሀብትና ርስት በአንድ ቅርጽ የወጡ፣ አንዱ ስጦታን ሌላው ውርስን የሚሉ ናቸው።

ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 57 ባልና ሚስት ሲጋቡ የነበራቸውን፣ ከተጋቡ በኋላም በስጦታ ወይም በውርስ ያገኙትን የየግላቸው ያደርገዋል። በአንቀጽ 62 ደግሞ በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት፣ ከግልም ከጋራም ንብረታቸው የሚገባው ገቢ የጋራ ነው። ስለዚህ «የጋራ ሀብት» የሚለውን ሐረግ በአያቱ ትርጉም ብንወስደው «የጋራ ስጦታ» ይሆናል፤ ሕጉ ግን ለአንዳቸው በስጦታ የመጣው የጋራ አይደለም ይላል። ቃሉ እምቢ ሲል ሕጉ አዝዞት ነው የገባው ማለት ይቻላል። የጥሎሽ ወርቅ ክርክርም የሚነሣው እዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው። ጥሎሽ ጣለ ከሚለው ነው፤ ሙሽራዋ ፊት ጣል የተደረገ ነገር። ለእሷ ጣለው ወይስ ለጎጆው? ማጫም ዘመዱ ነው፣ በትውልዱ ግን አጨ ከሚለው የወጣ ነው፣ ከግእዙ ሐፀየ።

እኔ ብጠየቅ የአንቀጽ 62ን ንብረት «የጋራ ጥሪት» እለው ነበር። ጥሪት ከግእዙ ጠረየ ነው፣ አፈራ፣ ገንዘብ አደረገ። ከጥረት ጋር ድምፁ ይቀራረብ እንጂ ሥሩ ሌላ ነው፤ ቢሆንም መቀራረቡ አይጎዳም። «ጥሪት ቋጠሩ» የሚባለው ለፍተው ላፈሩ ሰዎች ነው እንጂ ስጦታ ለወረደላቸው አይደለም። ግን ሕግ አርቃቂ የሕዝብን ልማድ መስማት ነበረበት። ሕዝቡ «ሀብትሽ በሀብቴ» ብሎ ሲያገባ ኖሯል፣ «ጥሪትሽ በጥሪቴ» ያለ ሙሽራ የለም።

ንብረት ከሀብት በጣም በሚለይ መንገድ ነው የመጣው። ግእዙ ነበረ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ንብረት ደግሞ አቀማመጥ፣ አኗኗር። መጀመሪያ ንብረት የነበረው ዕቃው ሳይሆን ኑሮው ነው። ቆይቶ ኑሮው የሚቆምበት ሁሉ፣ ቤቱ፣ በሬው፣ ጎተራው፣ ንብረት ተባለ። ነበረ በአማርኛ ኃላፊ ጊዜን የሚያሳይ ረዳት ግሥ ሆኖ ስለወደቀ «ንብረት ነበረን» የሚል ሰው በአንድ ሥር ሁለት ጊዜ ይናገራል። ተቀመጠ ያለው ነበረ መንበርን ሰጠ፤ መንበር በአማርኛ አፍ ወንበር ሆነ። በቀድሞ ችሎት ደግሞ ዳኛ ራሱ ወንበር ይባል ነበር። ንብረቱም፣ የሚፈርድበት ወንበርም፣ የነበረው ትዳርም ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ነው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962ቱ መዝገበ ቃላታቸው እንዲህ ያለውን ዘር በየሥሩ ደርድረው ስላስቀመጡልን ዛሬ ሥራችን ቀላል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ባለቤት ነው። ግእዙ በዓል ነው፣ ጌታ፣ ባለቤት፣ ባል። በዓል ከሚለው የደስታ ቀን ጋር በጽሕፈት ይገጥማል እንጂ ትርጉሙ ሌላ ነው። አማርኛ ከዚህ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሠራ፤ ብቻውን ሲቆም ባል፣ ሌላ ስም ላይ ሲደገፍ ባለ፦ ባለጸጋ፣ ባላገር፣ ባለሙያ። ባል በሥሩ የያዘ፣ የገዛ ሰው ነው። ዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ «ባዓል» ጌታም ባለንብረትም ባልም ነው፣ «ባዓል ሃባይት» ደግሞ ልክ የእኛ ባለቤት። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቃል ዕብራይስጥ ሲማሩ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 2 ላይ በዚሁ ቃል ላይ ተጫውቷል፤ ባልነትና ጌትነት አንድ ስም መያዛቸው ያኔም አስጨንቆት ነበር። ሚስት በበኩሏ ከግእዙ ብእሲት መጣች ይባላል፣ ሴት ማለት ብቻ ነው። እሱ ባለንብረት፣ እሷ ሴት።

የ1952ቱ ሕግ ከዚህ ሥር ብዙም አልራቀም ነበር፤ የቤተሰቡን የበላይነት ለባል ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 635፣ ሚስት እንድትታዘዘው ያደርግ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው ጊዜም በፍቺውም ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ተከተለው። ሕዝቡ ግን ሕጉን አልጠበቀም። አማርኛ ተናጋሪ ወንድ ሚስቱን «ባለቤቴ» ብሎ ያስተዋውቃል። ሴቲቱም እሱን እንዲሁ። የቤቱ ጌታ የሚለው ቃል ለሁለቱም ሆነ፣ ጾታው ወደቀ፤ አንድም አዋጅ አልወጣበትም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ፊት «ባለቤቴ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ይላል» የምትል ሴት የምትናገረው እንቆቅልሽ አይደለም። በአፈጻጸም መዝገብ ላይም ነገሩ ይቀጥላል፦ ያሸነፈው «የፍርድ ባለመብት»፣ የተሸነፈው «የፍርድ ባለዕዳ» ይባላሉ። ባልነት ፈርሶ ሁለቱም ባለ ሆነው ቀሩ።

ቃልና ሕግ የሚስማሙበትን ቦታ ብጠየቅ ከፈለን እጠራለሁ። በግእዝ ከፈለ ለየ፣ አከፋፈለ ነው፤ ክፍል፣ ክፍለ ዘመን፣ ክፍፍል ከዚያ ናቸው። አማርኛ ያንኑ ግሥ ሒሳብ ለመስጠት አዋለው፤ ክፍያ፣ ከፋይ፣ ተከፋይ። ቤት ለሁለት ሲቆረስ ብዙም አይታይም። የ105 ካሬ ቪላ ማድቤቱ ለእሱ መኝታ ቤቱ ለእሷ ሆኖ አይኖርም፣ ቢሞከር ጭቅጭቁ ነው የሚካፈለው። ስለዚህ ዓይነቱን የወሰደ ለሌላው በገንዘብ ያካክሳል። ከፍሎ ይካፈላል፤ የሚከፍለውም ስለተካፈለ ነው። ድርሻ እዚህ ይገባል፣ ደረሰ ከሚለው። ድርሻዬ ማለት የደረሰኝ ነው፤ ከእሱ እጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለውን ገና ድርሻ ማለት አይቻልም ነበር፣ ቃሉን ብንጠብቅ። አፈጻጸም ላይ ዓመት የቆመ መዝገብ ያላቸው ሴቶች ይህን ያለ መምህር ያውቁታል። እኩል ደግሞ በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው፦ ተመጣጣኝም ነው፣ ግማሽም ነው፤ እኩለ ሌሊት፣ እኩለ ቀን፣ እኩሌታ። ሥሩ አከለ ነው፣ ያክላል። ስለዚህ «እኩል ይካፈሉ» ሲባል ጠበቃ የሚከራከርበት ክፍተት አይከፈትም፤ እኩል ግማሽ ነው።

ሐራጅ የዐረብኛ ነው፤ እዚያም በጩኸት የሚሸጥበት ገበያ ነው። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

መሬቱ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት የሕዝብ፣ በሐምሌ የከተማ መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላ «ባለርስት» የሚለው ቃል ከሕግ ቋንቋ ወጣና «ባለይዞታ» ገባ። ይዞታ ከያዘ ነው፤ የያዘ ሰው የእኔ ነው አላለም፣ ይዤዋለሁ ነው ያለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ይህንኑ አጸና። ስለዚህ የሚፋቱ ገበሬዎች የሚካፈሉት መሬቱን ሳይሆን መያዙን ነው። በከተማ ደግሞ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሊዝ አለ፣ ከእንግሊዝኛ የመጣ። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከላቲን «ላክሳሬ» ወሰደው፤ ፍቺው ላላ ማድረግ፣ መፍታት ነው። የሊዝ ቦታ ያላቸው ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍቺን በሁለት ቋንቋ ይፈርማሉ።

ሳይጋቡ አብረው ለኖሩት ግን ቃል አልተገኘላቸውም። የቤተሰብ ሕጉ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይላል፤ ይህ ስም ሳይሆን መግለጫ ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆዩ በአንቀጽ 102 ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ያልታሰረ ስለማይፈታ ፍቺ አይባልም፤ ግንኙነቱ አበቃ ነው የሚባለው።

ስሙ ከዞረ ከዓመታት በኋላ ሴትዮዋ ቤቱን ልትሸጥ ብትነሣ ገዢው «ያላገባ ማስረጃ» አምጪ ይላታል። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ ገዢ ያለ ትዳር ማስረጃ አይጠጋም። ጋብቻ ገባ ከሚለው ነው፣ አገባ ወደ ቤት ማስገባት። እሷ አግብታ ነበር፣ ልጆች ወልዳለች፣ ሠርጓ ላይ ሰፈሩ ሁሉ በልቷል። ማስረጃውን የሚጽፈው ቢሮ የሚሰጣት ወረቀት ግን «ያላገባች» ይላል፣ ከፍቺ ውሳኔዋ ጋር በአንድ መንጠቆ ተያይዞ።